የእቁቡን ብር ሳይክል ገዛሁበት፣ ሚስቴ ግን እጣው ገና አልወጣም ብላ ትጠብቃለች

ጥያቄ፦

ሰላም እትዬ፣ ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ ግን አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። 38 ዓመቴ ነው፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ወንዱ 6 ዓመቱ ነው ሴቷ 3።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሐኪም ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል ተንቀሳቀስ አለኝና አንድ ያገለገለ ማውንቴን ባይክ ገዛሁ። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ነበር የምነዳው፣ ከዛ እንጦጦ ጫካው ውስጥ መውጣት ጀመርኩ፣ ከዛ እሁድ እሁድ ከሚወጡ ልጆች ጋር ተዋወቅኩና በቃ ለከፈኝ። ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ትልቁ የፈረንሳይ ሳይክል ውድድር ላይ የሦስት ቀን ውድድሮችን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ሲወስድ ቢሮ ጠረጴዛ ስር ስልኬን ደብቄ እያየሁ እንባዬ መጣ፣ ኤርትራዊ ይሁን እንጂ የኛው ልጅ ነው ያሸነፈው የሚመስለኝ። ከዛ ጊዜ ጀምሮ የአስፋልት ሳይክል ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው። መሥሪያ ቤት እቁብ አለን፣ 20 ሰው ነን፣ በወር 10,000 ብር፣ ለደረሰው 200,000 ብር ማለት ነው። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው እጣው ሲደርሰን ጓሮ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ሠርተን ልናከራይ ነበር። እጣው በስምንተኛው ወር፣ መስከረም ላይ ወጣልኝ። የዛኑ ሰሞን ከውጭ የመጣ ከካርቦን የተሠራ የአስፋልት ሳይክል፣ ያገለገለ ግን ንጹህ፣ በ130,000 ብር ይሸጣል ተባለ። ሳልነግራት ገዛሁት። ይዤው ስገባ "ስንት ነው?" አለችኝ፣ "አርባ ሺህ፣ ቦነስ አግኝቼ" አልኳት። ጫማው፣ ፔዳሉ፣ ሄልሜቱ፣ ልብሱ ምናምን ሲባል ሌላ 18,000 ሄደ። የቀረው 52,000 እሷ የማታውቀው አካውንት ውስጥ ነው፣ አልነካሁትም። ደሞዝ በገባ ቁጥር "የኛ እድል መጨረሻ ላይ ነው ማለት ነው" ትለኛለች እየሳቀች። እቁቡ ለመጪው መስከረም ያልቃል። ዋስ የሆነኝ ባልደረባዬ ሚስትና የኔ ሚስት ደግሞ አንድ ማኅበር ነው የሚጠጡት።

ይሄ አልበቃ ብሎ ከአምስት ሳምንት በፊት ወደቅኩ። እሁድ ጠዋት ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ሌሊቱን ዘንቦ አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ሰው አይቶ ቀጥ አለ፣ የፊት ፍሬን ያዝኩ፣ ከዛ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩን ነው። ክርኔና ዳሌዬ ተላጠ፣ ሄልሜቱ በግራ በኩል ተሰነጠቀ፣ ሁለት ቀን ራሴን አመመኝ። ሰኞ ማታ ለባለቤቴ ቢሮ ደረጃ ላይ ወደቅኩ አልኳት። ማልያውን ከሚታጠብ ልብስ ጋር ደብልቄው ነበር፣ ረቡዕ ስገባ ታጥቦ ተሰጥቷል፣ ክርኑ ላይ የነበረው ደም ለቋል፣ የተቀደደውም ተሰፍቷል። ምንም አላለችኝም። ሄልሜቱን ከውስጥ በፕላስተር አጣብቄ እስካሁን እሱኑ ነው የማደርገው፣ እንዳታየው እቃ ቤት ከጆንያ ጀርባ ነው የማስቀምጠው።

ከዛ ወዲህ ቁልቁለት ስወርድ እጄ ድርቅ ይላል። አብረውኝ የሚነዱት ልጆች ጥለውኝ ይሄዳሉ፣ ሁለት እሁድ አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ባለቤቴ ድሮም "ትልቅ ሰው ሆነህ የልጅ ጨዋታ" ትለኛለች። እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ 5 ሰዓት እመለሳለሁ፣ በልቼ ትንሽ እተኛለሁ፣ እሷ ልጆቹን ይዛ ቤተክርስቲያን ትሄዳለች። እኔ ግን አልጠጣም፣ አልቅምም፣ አላመሽም፣ ያለችኝ አንድ ነገር ሳይክል ናት፣ ሰው ስንት ነገር ያደርግ የለ።

አሁን ያሰብኩት ሁለቱንም ሳይክል ቀስ ብዬ ሸጬ ብሩን ሞልቼ ለመስከረም "እጣው ወጣ" ብዬ ላስረክባት ነው። ማንም ሳይጎዳ ያልቃል። ወይስ ልንገራት? ፍርሃቱንስ ምን ላድርገው፣ ጭራሽ ልተወው እንዴ?

ሳይክሉ የከበደው ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን እግዜር አተረፈህ። ይሄን ሳልል ወደ ብሩ ብገባ ደስ አይለኝም፣ ምክንያቱም አንተ ራስህ ስለ ብሩ ስትጽፍ እያንዳንዷን ሺህ ቆጥረህ ነው፣ ስለ ጭንቅላትህ ግን "ሁለት ቀን ራሴን አመመኝ" ብለህ አለፍከው። ሄልሜት የሰነጠቀ ምት ቀላል ምት አይደለም እኮ። እስካሁን ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ብርሃን ሲበዛ መረበሽ፣ እንቅልፍ መዛባት ወይም የሰው ወሬ መሃል ላይ መጥፋት ካለብህ ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ይይህ። ለሐኪሙም ታዲያ ደረጃ ላይ ነው የወደቅኩት እንዳትለው።

አሁን ወደ ማልያው ልምጣ፣ ከደብዳቤህ ሁሉ እዛ ጋ ነው የቆምኩት። አንተ በሁለት መስመር ነው ያለፍካት። የደረቀ ደም እንዲሁ አይለቅም። በቀዝቃዛ ውሃ ትዘፈዝፈዋለህ፣ ሙቅ ከነካው ጭራሽ ይይዛል፣ ከዛ ሳሙና እየመታህ በጣትህ አሽተህ አሽተህ ነው። ከዛ ደግሞ ቁጭ ብላ የክሩን ቀለም መርጣ መርፌ አስገብታ ሰፍታዋለች። ይሄ ሁሉ ሲሆን ያ ክርን እጇ ላይ ስንት ደቂቃ ቆየ? ቢሮ ደረጃ ላይ የወደቀ ሰው ሸሚዙ ነው የሚቀደደው፣ የሳይክል ማልያ ለብሶ ሥራ አይገባም። ታውቃለች ወንድሜ። ዝም ስትል አንተ "አልነቃችም" ብለህ ተነፈስክ፣ እኔ ደግሞ ሳነበው እስኪነግረኝ ልየው ብላ የተቀመጠች ሴት ነው የታየችኝ። ልሳሳት እችላለሁ፣ የምታውቃት አንተ ነህ። ግን ልጠይቅህ፣ "የኛ እድል መጨረሻ ላይ ነው" ስትልህ ያን ሳቋን በደንብ ሰምተኸዋል? የዋስህ ሚስት ያለችበት ማኅበር ላይ ጠላው ሲቀዳ የእቁብ ወሬ ሳይነሳ ሰባት ወር ያልፋል ብለህ ነው?

ሳይክልን የምንቅ ሰው እንዳልመስልህ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ባሕር ዳር ነው ያደግኩት፣ ሳይክል እዛ አስተማሪውም ነርሷም ነጋዴውም የሚሄድበት ነገር ነው፣ እኛ ልጆቹ በሰዓት እየተከራየን ነበር የለመድነው፣ ኮርቻው ላይ ስንቀመጥ እግራችን ስለማይደርስ በብረቱ ስር እግራችንን አሹልከን ጎናችንን አጣመን እንደ ሸርጣን ነበር የምንነዳው። ጉልበቴ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ማለት ነው፣ ከሯጮቹ ጋር ሳይክል ነጂዎችም ነበሩ፣ እነ ገረመው ደንቦባ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ስለዚህ የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ አልፈርድብህም፣ እንባህም ገብቶኛል።

ግን ባለቤትህ "የልጅ ጨዋታ" ስትል ስለ ስፖርቱ እየተከራከረች አይመስለኝም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት አምስት ሰዓት ተኩል ነው፣ "ትንሽ እተኛለሁ" ያልከው ሲጨመርበት እሁድ አለቀ። የ3 ዓመት ልጅ አዝላ የ6 ዓመቱን በእጇ ይዛ ቅዳሴ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ሞክረኸዋል? ትንሿ ውሃ ትላለች፣ ትልቁ ጫማው ጠፋበት፣ እግዚኦታው ላይ አንዷ ታለቅሳለች፣ አስቀድሳ ሳይሆን ተንገላታ ነው የምትመለሰው። ቤት ስትገባ አንተ ተኝተሃል።

"አልጠጣም አልቅምም አላመሽም" የምትለዋን ደግሞ እባክህ እቤት እንዳትናገራት። የሂሳብ ሰው አይደለህ? ያልወጣ ወጪ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል እንዴ? አለመጠጣትህ ለራስህም ለቤትህም ጥሩ ነው፣ ግን እሷ የተበደረችህ ነገር አይደለም። ይቺን አነጋገር ከስንት ወንድ እንደሰማኋት ብነግርህ ትስቃለህ፣ አንዱ ቁማር ነው የሚጫወተው፣ ሁሉም "እኔ እኮ እንደ ሌላው አይደለሁም" ነው የሚለኝ።

በድብቅ ሸጠህ ልትሞላ ያሰብከውን በቁም ነገር አሰብኩበት፣ ወዲያው አልጣልኩትም። ብሩ ይመለሳል፣ ክፍሏ ትሠራለች፣ ጠብ አይኖርም፣ እሺ። ግን አስበው እስቲ፣ መጀመሪያ ነገር የቸኮለ ሻጭ ዋጋ አይጠራም፣ ይጠራበታል፣ ስለዚህ 200,000ው ላይሞላልህ ይችላል፣ የጎደለውን ልትበደር ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት ሳይክል በአንድ ጊዜ ከቤት ሲጠፋ "የት ሄዱ?" ትላለች፣ ያኔ ምን ልትላት ነው? ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። የምትወደውን ነገር ለሷ ብለህ ትሸጣለህ፣ እሷ ግን እንደሸጥክላት አታውቅም። እሁድ ጠዋት ልጆቹ ደውለው "የት ነህ" ሲሉህ አኩርፈህ ቁጭ ትላለህ፣ ሽሮው ጨው በዛበት ትላለህ፣ ልጁ ላይ ትጮሃለህ፣ እሷ ምን እንዳደረገችህ ሳታውቅ ቅጣት ትቀበላለች። ማንም አይጎዳም ያልከው ለዚህ ነው ያልተዋጠልኝ። ስለ ቤታችሁ ብር አንዴ ያለሷ ወስነሃል፣ ይሄ ሁለተኛው ሊሆን ነው።

ስለዚህ ንገራት ነው የምለው፣ ከመሸጥህም በፊት። ቀላል ነው እያልኩህ አይደለም፣ ልታለቅስ ትችላለች፣ ለሳምንት ላታናግርህ ትችላለች፣ እናቷ ጋ ልትሄድም ትችላለች። ያን ችለህ ነው የምትገባበት። ግን ከዋስህ ሚስት ብትሰማው ወይም ለመስከረም እቁቡ ሲያልቅ ራሱ ቢፈነዳ ይሻላል? አይሻልም፣ ይሄን አንተም ስለምታውቅ ነው የጻፍክልኝ።

እንዴት? እኔ እንደዚህ ባደርገው እላለሁ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ በሥራ ቀን፣ እሁድ ዋዜማ አይሁን፣ ሰርግ ወይ ለቅሶ ያለበት ሳምንትም አይሁን። ስጦታ ይዘህ እንዳትገባ፣ ኬክ ምናምን ይዞ የገባ ባል ገና በሩ ላይ ነው የሚያስደነግጠው። ከዛ ብሩን ነው ማስቀደም ያለብህ። ደብዳቤህን ሳነብ ፈተናህ ታይቶኛል፣ መጀመሪያ መውደቅህን ነግረሃት፣ ክርንህን አሳይተሃት፣ አንጀቷን በልተህ፣ ስታዝንልህ የእቁቡን ነገር በዛው ልትጨምርበት ትፈልጋለህ። እንዳታደርገው። ያን ቀን ታዝንልህና ሦስት ቀን ቆይቶ ሲገባት ሁለት ጊዜ ትናደዳለች። በአጭሩ "የእቁቡ እጣ መስከረም ላይ ወጥቷል። 130,000ው ሳይክሉ ነው፣ አርባ ሺህ ያልኩሽ ውሸት ነው። 18,000ው እቃዎቹ ናቸው። 52,000 እዚህ አካውንት ውስጥ አለ" በላት፣ የባንኩን ነገር በስልክህም ቢሆን ክፈትና አሳያት። ከዛ ዝም በል። "ግን እኮ" የምትል ቃል ከአፍህ አትውጣ። ከጠየቀችህ መልስ፣ ካልጠየቀችህ ቁጭ በል። መውደቅህን ከዛ በኋላ፣ ሲረጋጋ፣ ወይም በነጋታው ንገራት፣ ማልያውን ስለሰፋሽልኝ አመሰግናለሁ ማለት ከቻልክ ደግሞ ብዙ ነገር ትላለህ። ሽማግሌም የነፍስ አባትም አሁን አታስገባ፣ እሷ ካስፈለጋት ግን አትቆጣ፣ መጥራት መብቷ ነው።

52,000ውን እዛው ማታ ለሷ አስረክብ። ክረምት ሳይገባ መሠረት ይቆፈርበት፣ ድንጋይ ይገዛበት፣ ወይም ባንክ ይቀመጥ፣ እሷ ትበል።

ስለ ሳይክሎቹም እሷ ነች የምትወስነው ባልልም ያለሷ እንዳትወስን። ሽጥ ካለችህ ሽጥ። ግን አንድ ነገር አለ፣ ይሄን እኔም አላውቀውም ነበር፣ ሰፈራችን ያለውን ሳይክል ጠጋኝ ጠይቄልህ ነው። ካርቦን እንደ ብረት አይጎብጥም አለኝ፣ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይሰነጠቅና አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ነው የሚለቅህ። አጥበህ ፀሐይ ላይ አውጥተህ በተለይ የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካና የመሪውን ስር በጣትህ እየዳሰስክ እይ፣ ጥጥ ስታሳልፍበት ክር ይዞ የሚያስቀር ቦታ ካለ ተጠርጣሪ ነው፣ በሳንቲም መታ መታ ስታደርገው ጥርት ያለው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ታፍኖ ከተሰማህም እንደዛው። ግን እሱም ቢሆን በዚህ ብቻ አትተማመን፣ የሚያውቅ ሰው ይፍታው ነው ያለኝ። የወደቀ መሆኑንም ለሚገዛህ ሰው ሳትነግር አትሽጥ፣ ለሱም ሚስት አለችው።

አንዱን ብቻ ሽጥ ካለችህ ግን፣ ምክሬን ከፈለግክ፣ ማውንቴኑን አስቀር። አውቃለሁ ልብህ ካርቦኑ ላይ ነው። ጫካው ውስጥ ግን ሚኒባስ የለም፣ ሲኖትራክ የለም፣ ባህር ዛፉ መሃል ብትወድቅ አፈር ላይ ነው፣ የፈጠነ ሁሉ የግድ አይቀድምህም፣ ልጅህም ሁለት ዓመት ቆይቶ ከኋላህ ሊከተልህ ይችላል። ከካርቦኑ ጋር የሚመጣው ወጪ እንደማያልቅም አንተ ከኔ የበለጠ ታውቃለህ፣ ዛሬ ጫማ ነው ነገ ጎማ ነው ከነገ ወዲያ ካቴና ነው።

ፍርሃቱ ጋ ልምጣ። እጅህ ድርቅ ማለቱ አያሳፍርም፣ ሰውነትህ ያየውን ያውቃል። ግን ደብዳቤህን ሳነብ ሌላም ነገር ጠረጠርኩ፣ ከልጆቹ ጋር ስትወጣ ዳገቱን እየተሽቀዳደምክ ነው አይደል? አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ያልፋል፣ አየሩ ስስ ነው። የ22 ዓመት ልጅ ላለመለየት ተንፍሰህ ሳትጨርስ አናቱ ላይ ትደርስና ወዲያው ፊትህን አዙረህ ቁልቁለቱን ትለቀዋለህ። ዳገት ላይ የደከመው እግርህ ብቻ አይደለም፣ አንጎልህም ነው፣ ቁልቁለቱ ደግሞ አንጎል ነው የሚፈልገው። እላይ ስትደርስ አምስት ደቂቃ ቁም፣ ውሃ ጠጣ፣ ማርያም ደጃፍ ተሳለም፣ ከዛ ውረድ። ልጆቹ ይቅደሙህ፣ ምን ይመጣል?

ሚኒባስን ደግሞ ከኋላ መብራቱ አትጠብቀው። ፍሬን መብራቱ የሚሠራው ስንቱ ነው? የሚኒባስ ፍሬን መብራት ረዳቱ ነው። ጭንቅላቱን በበሩ ካወጣ፣ እጁ መንገድ ዳር ከጠቆመ፣ "ወራጅ አለ" የሚል ከሰማህ ያ መኪና ሊቆም ነው፣ የት እንደሚቆምም አይነግርህም። ያኔ ገና ከሩቁ ፍጥነትህን ቀንስ። እርጥብ አስፋልት ላይ የፊት ፍሬን ጨምድደህ መያዝ የት እንደሚያደርስ አይተኸዋል፣ ጠጋኙ እንዳለኝ ወገብህን ወደ ኋላ ገፍተህ ሁለቱንም ቀስ በቀስ፣ መጠምዘዣው ላይ ሳትደርስ ነው መቀነስ። ሰዉም ጎማህን ድንጋይ እስኪሆን ንፋ እያለ ይመክርሃል መሰለኝ፣ እርጥብ ላይ ትንሽ መቀነሱ ነው የሚይዝልህ።

ወደ እንጦጦ አስፋልት ከመመለስህ በፊት ግን ለጥቂት ሳምንት አነስ አድርገህ ጀምር። ኮሪደሩ ሲሠራ የወጡት የሳይክል መስመሮች አሉ፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ቀስ ብለህ ሂድባቸው። መንገድ ለሰው የሚባለው፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መንገድ ለመኪና እየተዘጋ ሰው የሚጫወትበት ቀን፣ ሲኖር ልጆቹን ይዘህ ውጣ፣ ወንዱ ትንሿን ሳይክል ይንዳ፣ አንተ ከኋላው በእግርህ ሩጥ። ትንሽ ቀን ይውሰድብህ እንጂ እጅህ ይፈታል። ስድስት ወር ሞክረህ አሁንም ከጠላኸው ተወው፣ መተውም ነውር የለውም፣ ግን ፈርተህ ሳይሆን አልፈልግም ብለህ ተወው።

እሁዱን ደግሞ ራስህ ከፋፍለህ እንዳታቀርብላት፣ ጠይቃት። "ወር ውስጥ ስንት እሁድ ልውጣ፣ አንቺስ የትኛውን ትፈልጊያለሽ?" በላት። ምናልባት በወር ሁለት እሁድ ልጆቹን አንተ ይዘህ እሷ ብቻዋን ማስቀደስ ትፈልግ ይሆናል፣ ምናልባት መተኛት፣ ምናልባት የሆነ የማናውቀው ነገር። ሰባት ወር ሙሉ ያልተጠየቀች ሰው ምን እንደምትል ቀድሜ ልነግርህ አልችልም። የወጣህበትን እሁድ ግን ተመልሰህ አትተኛ። ደከመኝ የሚባለው ሰኞ ቢሮ ነው።

ስትነግራት የሆነውን ጻፍልኝ፣ ክፉም ቢሆን።

ሄልሜቱን ረስቼው። በፕላስተር አጣብቀኸው እስካሁን ታደርጋለህ ስትል ደንግጫለሁ። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ሲመታ ተጨፍልቆ ነው ያዳነህ፣ ሁለተኛ ጊዜ የሚጨፈለቅ ነገር የለውም፣ ስለዚህ አዲስ ሳትገዛ አንድ ሜትር እንዳትነዳ። የተሰነጠቀውን ጣለው ልልህ ነበር፣ ቆይ፣ አትጣለው። ከጆንያው ጀርባ አውጣውና የደረጃውን ነገር የምትነግራት ማታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው።